ጉም ይዘገናል? እውነት ወይስ ተረት

የማይጨበጥ ነገር ለመያዝ የሚደክምን ሰው «ጉም ሊዘግን ነው» እንላለን። እጅ በእርግጥ ጉም አይዘግንም። ደን ግን ይዘግናል፤ በአንዳንድ ስፍራማ ከዓመቱ ውሃ ሲሶውን ያህል የሚያገኘው ከጉም ነው።

ይህ ሲነገር ሰሚው በሁለት ይከፈላል። አንዱ «ጭጋግ ደግሞ ምን ውሃ አለው?» ብሎ ነገሩን ያጣጥላል። ሌላው ዛፍ ሁሉ ከሰማይ ውሃ ጠርቶ የሚያወርድ፣ መረብ የሰቀለ ሁሉ ምንጭ የሚያፈልቅ ይመስለዋል። ሁለቱም ደንን ይጎዳሉ ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ደኑ ሲመነጠር «ምን ጠፋ?» ያሰኛል። ሁለተኛው የማይፈጸም ተስፋ ሰጥቶ ሰውን ያሰለቻል። እንግዲህ ስለ ጉምና ስለ ደን ከሚወራው ዋና ዋናውን እያነሣን፣ በመሣሪያ ከተለካው ጋር እናስተያየው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ ዛፍ የደሴት ሕዝብ ያጠጣ ነበር»

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በኤል ዬሮ፣ ጋሮዌ የሚባል ዛፍ ነበር። ደሴቷ ወንዝ የላትም። ነዋሪዎቿ ከዚህ ዛፍ ቅጠል የሚንጠባጠበውን ውሃ ከሥሩ በተቆፈሩ ጉድጓዶች እያጠራቀሙ ይጠጡ እንደነበር የጥንት ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ዛፉን በ1610 ማዕበል ነቅሎ ጣለው። ከዚያ በኋላ ታሪኩን የሰማ ብዙ ሰው የመርከበኛ ወሬ ነው ብሎ ተወው።

ዋናው ነገር ግን እውነት ነው። በ1949 በዚያው ስፍራ የሎረል ወገን የሆነ ዛፍ ተተከለ፤ እሱም ደመናው ሲመጣ ይንጠባጠባል። ጉድጓዶቹም ዛሬ ድረስ አሉ። ምሥጢሩ ያለው በዛፉ ዘር ብቻ አይደለም። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ደመናውን እየገፋ ሽቅብ ሲያወጣው ልክ በዚያ ተዳፋት አናት ላይ ያልፋል፤ ዛፉም የቆመው በመንገዱ ላይ ነው። ያንኑ ዛፍ ነፋስ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ብንተክለው አንድ እንስራ እንኳ አይሞላም።

«ጭጋጉ በከበደ ቁጥር ውሃው ይበዛል»

ተረት ነው፤ ዓይን የሚያታልለንም እዚህ ላይ ነው።

በአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ስምምነት ከአንድ ኪሎሜትር በላይ አርቆ ማየት ሲያቅት ጭጋግ አለ ይባላል። ዓይንን የሚጋርደው ግን የጠብታው ብዛት እንጂ የውሃው ብዛት አይደለም። የጭጋግ ጠብታ ውፍረት በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የ2 ሚሊሜትር አንዲት የዝናብ ጠብታን ለመሙላት ባለ 20 ማይክሮን የጭጋግ ጠብታዎች አንድ ሚሊዮን ያስፈልጋሉ። በአንድ ሜትር ኩብ ጭጋግ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ ብዙ ጊዜ ከግራም ግማሽ አያልፍም። 0.2 ግራም ነው ብንል፣ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና ጣሪያው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል በጭጋግ ቢሞላ በውስጡ ያለው ውሃ 10 ግራም ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

ታዲያ ደን ከዚህ ምን ያገኛል? ቆሞ ከተኛ ጭጋግ እምብዛም አያገኝም። ነገሩን የሚለውጠው ነፋስ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መስኮት በነፋሱ ፊት አቆምን እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ቢጓዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚያ መስኮት 18,000 ሜትር ኩብ ጭጋግ ያልፋል። ያንኑ 0.2 ግራም ይዘን ብናሰላ በሰዓት 3.6 ሊትር ውሃ በመስኮቱ አልፏል። በክፍል ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ የነበረው ጭጋግ፣ ነፋስ ሲነዳው ሊትሮችን ያሳልፋል። ጥያቄው ካለፈው ውስጥ ምን ያህሉን ማስቀረት ይቻላል የሚለው ነው።

ማስቀረቱ ላይ የቅጠሉ ቅርጽ ይመጣል። ባለ 20 ማይክሮን ጠብታ በራሷ ክብደት የምትወርደው በሰከንድ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የዝናብ ጠብታ ግን በሰከንድ ሜትሮችን ትወርዳለች። ስለዚህ የጉም ጠብታ ቅጠል ላይ የምታርፈው በአብዛኛው ወድቃ ሳይሆን ተጋጭታ ነው። አየሩ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ጠብታዋ ግን ክብደት ስላላት፣ ታክሲ በፍጥነት ሲታጠፍ ተሳፋሪ ወደ ጎን እንደሚወረወር፣ መታጠፉን ሳትችል ቀርታ ቅጠሉን ትመታለች። ቅጠሉ ሰፊ ከሆነ አየሩ ከሩቅ ጀምሮ በዝግታ ስለሚዞር ጠብታዋ አብራ ለመዞር ጊዜ ታገኛለች። ቀጭን መርፌ ሲሆን ግን መታጠፊያው ድንገተኛ ነው፤ ጠብታዋም አታመልጥም። «ሰፊ ቅጠል ብዙ ጉም ይይዛል» የሚለው ግምት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በአገራችን ደጋ ይህን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው አስታን ይመልከት። ቅጠሉ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር፣ ቅርጹ ቀጭን፣ በቅርንጫፉ ላይ ደግሞ እጅግ የተጠጋጋ ነው። ጉም በነፋስ ሲያልፍበት መጀመሪያ ቅጠሉ አመድማ ይመስላል፤ ያ በዓይን የማይለይ የጠብታ ብናኝ ነው። ብናኙ እየተገናኘ ጫፍ ላይ አንዲት ጥርት ያለች ጠብታ ይሠራል። ጠብታዋ ትከብዳለች፣ ትወርዳለች፣ ከታች ያለውን ቅርንጫፍ ስትመታ የዚያን ጠብታዎች ይዛ ትወርዳለች። ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበትም በበኩሉ ይሞላና ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ረጥቦ፣ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ሜዳው ደርቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በሃዋይ፣ ላናይ በተባለችው ደሴት፣ ጆርጅ መንሮ የተባለ የከብት እርባታ ሥራ አስኪያጅ ይህንኑ አስተውሎ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መርፌ መሰል ቅጠል ያላቸውን የኖርፎክ ደሴት ጥዶች በተራራው ላይ አስተከለ። ፖል ኤከርን በ1964 ባወጣው ጥናት ከእንዲህ ያለ ዛፍ ሥር ከዝናቡ በላይ በዓመት 760 ሚሊሜትር ያህል የጉም ውሃ እንደሚወርድ ለክቷል።

«የዝናብ መለኪያው ሁሉንም ይነግረናል»

በዚህ ርዕስ ላይ ጠለቅ ብለን እንቆይ፤ ስለ ጉም የሚነሣው ክርክር ሁሉ ሥሩ መለካት ላይ ነው።

የኬፕ ታውን ከተማ በጠረጴዛ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። በጋዋ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን በበጋው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲነሣ ተራራው አናቱ ላይ ነጭ ደመና ይለብሳል። ዝናብ የለም፤ ሆኖም እላይ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ እንደለመለመ ይቆያል። ሩዶልፍ ማርሎት የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ1902 መጨረሻ ሁለት የዝናብ መለኪያዎች ተሸክሞ ወጣ። አንዱን እንዲሁ አኖረው። በሁለተኛው አፍ ላይ ግን በሽቦ መረብ ደግፎ አንድ እቅፍ ሸምበቆ መሰል ሣር ቀጥ አድርጎ አቆመበት። የተራራውን ተክል ወክሎ ጉሙን የሚጋጨው ያ ሣር ነው።

ሁለት ወር ላልሞላ ጊዜ ቆይቶ ሲያነብብ ባዶው መለኪያ 126 ሚሊሜትር ያህል ይዟል። ሣር የቆመበት 2,028 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። አሥራ ስድስት እጥፍ ነው።

ውጤቱ ሁለት ነገር አስተማረ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። አንደኛው፣ ተራ የዝናብ መለኪያ ጉምን አያይም። አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ነው፤ ጉሙ ግን በጎን ነው የሚያልፈው። በጉም የሚኖር ደን አጠገብ በሜዳ የቆመ መለኪያ «በዚህ ወር ዝናብ የለም» ቢል እውነቱን ተናግሯል፤ «ስለዚህ ደኑ ውሃ አላገኘም» ያልን እንደሆነ ግን የተሳሳትነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ትምህርት ከነቃፊዎቹ የመጣ ነው፤ እኔም ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሣሩ ጉሙን የያዘው በቁመቱ ነው፤ ውሃው የተካፈለው ግን ለመለኪያው ጠባብ አፍ ነው። ሣሩ ይበልጥ ረጅም ቢሆን ቁጥሩ ይበልጥ ባደገ ነበር። ደግሞም ብቻውን የቆመ እቅፍ ሣር ነፋሱን ሁሉ ለብቻው ያገኛል፤ በተራራው ላይ ግን ተክል ተክልን ይከልላል፣ የፊተኛው የያዘውን የኋለኛው አያገኝም። በነፋስ ተገፍቶ አግድም የሚሄድ ዝናብም ሣሩን መትቶ ከጉሙ ጋር ተደምሯል። ስለዚህ 2,028 የሚለው ቁጥር ተራራው ያገኘው ውሃ አይደለም፤ ያ እቅፍ ሣር የያዘው ነው። ማርሎት ጉም ብዙ ውሃ እንደሚሰጥ በማሳየቱ ትክክል ነበር፤ ቁጥሩን ወስዶ ለተራራው ሁሉ የሚያከፋፍል ግን ይስታል።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ እየጠራ መጥቷል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ሥነ ዘዴ ደኑን ራሱን መለኪያ ማድረግ ነው። ከዛፎቹ ሥር ረጃጅም አሸንዳዎች ተዘርግተው ከቅጠሉ የሚንጠባጠበውን ይቀበላሉ፤ ግንዱ ላይ በተጠመጠመ ቦይ በግንዱ የሚወርደው ይያዛል፤ ሁለቱ ሲደመሩና ከእርጥብ ቅጠሉ ላይ የተነነው ሲታከልበት ከውጭ ከተለካው ዝናብ በልጦ ከተገኘ፣ ትርፉ የጉም ነው። በቃል ቀላል ነው። በተግባር ግን በተራራ ጫፍ ላይ ዝናብ ራሱ በነፋስ አግድም ስለሚሄድ የውጭው መለኪያ ዝናቡን አሳንሶ ይቆጥራል፤ የጎደለው ሁሉ ደግሞ ሳይገባው «ጉም» ተብሎ ይመዘገባል። በፖርቶ ሪኮ ሉኪዮ ተራሮች፣ ጉም በማይለየው ድንክ ደን ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ይህንን ሥነ ዘዴ ከሌላ ጋር ጎን ለጎን ሲያነጻጽሩ ውጤቶቹ በሰፊው ተራርቀው የተገኙት በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

ያ ሌላው ሥነ ዘዴ ከደኑ በላይ በሚቆም ማማ ላይ የሚሠራ ነው። አንድ መሣሪያ የአየሩን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለካል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት በአየሩ ውስጥ ያለውን ጠብታ በጨረር ይቆጥራል፣ መጠኑንም ይለያል። ወደ ታች የሚወርደው አየር ወደ ላይ ከሚመለሰው የበለጠ ውሃ ይዞ ከሆነ፣ ልዩነቱ ደኑ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። በጀርመን ፊክቴል ተራሮች በስፕሩስ ደን ላይ ኦቶ ክሌምና ቶማስ ቭርዜሲንስኪ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ለክተው፣ በ2007 ባወጡት ጥናት የጉሙ ውሃ ከዝናቡና ከበረዶው 9.4 በመቶ መሆኑን አስታውቀዋል። እንደ ማርሎት አሥራ ስድስት እጥፍ አይደለም። ግን ዜሮም አይደለም።

በካሊፎርኒያ ጠረፍ ሬድውድ በሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ሥር ደግሞ ቶድ ዶሰን ሌላ ምስክር ጠራ። የጉም ውሃና የክረምት ዝናብ በኦክሲጅንና በሃይድሮጅን አይሶቶፖቻቸው፣ ማለትም ክብደታቸው በሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች፣ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ከግንድ የተቀዳ ውሃ ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል። በ1998 የወጣው የሦስት ዓመት ጥናቱ እንዳሳየው ደኑ ከሚያገኘው የዓመት ውሃ በአማካይ 34 በመቶው ከዛፎቹ የተንጠባጠበ ጉም ነው። ዛፍ በሌለበት አጠገቡ ባለ ስፍራ የጉሙ ድርሻ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። መግቢያው ላይ ሲሶ ያልኩት ይህንን ነው።

«ውሃ በሥር እንጂ በቅጠል አይገባም»

በአጭሩ፦ ተረት። ሬድውድን ጨምሮ ብዙ የጉም ደን ዕፅዋት በረጠበ ቅጠላቸው ጥቂት ውሃ ወደ ውስጥ እንደሚያስገቡ ተረጋግጧል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ቁጠባው ነው፤ ጉም ፀሐይን ይጋርዳል፣ ቅጠሉን ያረጥባል፣ ዛፉ የሚያተነው ውሃም ያንሳል። ይህ በየትኛውም አሸንዳ ላይ አይታይም።

«መረቡ የያዘውን በደኑ ስፋት አባዛው»

በቺሊ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ኤል ቶፎ በሚባል ተራራ ላይ፣ ከ1987 ጀምሮ የጉም ማጥመጃ መረቦች ተሰቀሉ። በ1992 ውሃው በቧንቧ ወርዶ ቹንጉንጎ የተባለችውን የዓሣ አጥማጆች መንደር ማጠጣት ጀመረ። አማካዩ በቀን ከአንድ ሜትር ካሬ መረብ 3 ሊትር ገደማ ነበር። ለብዙ ዓመታት የሠራ እውነተኛ ሥራ ነው። በዚያው ዘመን ሮበርት ሸመናወርና ፒላር ሰረሰዳ ሁሉም ተመራማሪ በአንድ ሚዛን እንዲለካ ብለው አንድ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ የሚቆም መደበኛ መረብ አስተዋወቁ።

ስሕተቱ የሚመጣው 3 ሊትር በሜትር ካሬ የሚለው ቁጥር ወደ ደን ሲዛወር ነው። በዝናብ ቋንቋ 1 ሊትር በሜትር ካሬ 1 ሚሊሜትር ነውና፣ «ደኑ በቀን 3 ሚሊሜትር ያገኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። የመረቡ ሜትር ካሬ ግን የቆመ ነው፤ የደኑ የተኛ መሬት ነው። መረቡ ብቻውን በነፋስ ፊት ይቆማል፤ የደኑ ዛፎች እርስ በርስ ይከላለላሉ። መረብ የሚነግረን በዚያ ስፍራ በነፋስ የሚያልፍ ጉም መኖሩንና ከቀን ቀን መለዋወጡን ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚተካው የለም።

በእኛም አገር በ2015 በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ ያቀደው ዋርካ የተሰኘ የቀርከሃ ማማ ቆሟል። በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር የሚለው ቁጥሩ በብዙ መገናኛ ብዙኃን «ከአየር የሚቀዳ ውሃ» እየተባለ ተጽፏል። ቁጥሩ የዕቅድ ግብ ነው፤ በውስጡም ዝናብ፣ ጤዛና ጉም ተደምረዋል። ሥራውን አደንቃለሁ፤ ግን ሦስቱ ውሃዎች ለየብቻ ተለክተው፣ ደረቁ ወርም ተቆጥሮ ካልቀረበ፣ ጉሙ ስንት ሰጠ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

«ዛፍ ውሃ ጠጪ ነው፤ ቢቆረጥ ወንዙ ይሞላል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። በአብዛኛው የዓለም ክፍል ደን ሲቆረጥ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት የወንዙ ፍሰት ይጨምራል፤ ዛፍ ብዙ ውሃ እንደሚያተን በጥንድ ተፋሰሶች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደጋግሞ ታይቷል። ይህንን የሚክድ የደን ወዳጅ ደንን አይጠቅምም።

በአሜሪካ ኦሪገን ግን ሕጉ አልሠራም። ቡል ረን የፖርትላንድ ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚመጣበት ተፋሰስ ነው። እዚያ በሙከራ ተፋሰሶች ላይ ከደኑ ሩብ ያህሉ ሲቆረጥ የተጠበቀው የፍሰት ጭማሪ አልመጣም። የደን ውሃ ተመራማሪው ዴኒስ ሃር ምክንያቱን ፍለጋ መለኪያዎችን ከአሮጌው ደን ሥርና ከተቆረጠው ሜዳ ላይ አኖረ። በ40 ሳምንት ከደኑ ሥር 1,739 ሚሊሜትር ተለካ፤ ይህም በተቆረጠው ስፍራ ከተለካው በ387 ሚሊሜትር ይበልጣል። አስተውሉ፦ ደን የዝናቡን ከፊል በቅጠሉ ላይ አስቀርቶ ስለሚያተን ከሥሩ የሚለካው ማነስ ነበረበት። በልጦ የተገኘው ዛፎቹ ጉም ስለሚያወርዱ ነው። ውጤቱ በ1982 ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ተከታይ ጥናት ደግሞ ከቆረጣው በኋላ የበጋው ፍሰት ቀንሶ እንደነበርና አዲስ ቡቃያ ሲያድግ፣ አምስትና ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ እንዳገገመ አሳየ።

ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ያለው ምሳሌ በዖማን ነው። በሳላላ የሚኖሩ ወገኖቻችን ኸሪፍን ያውቁታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጉም የዶፋርን ተራሮች ይሸፍናል፣ በረሃው አረንጓዴ ይለብሳል። አንከ ሂልደብራንትና ሱዳን የተወለደው የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂር እዚያ ያለውን ደን ለክተውና በሞዴል አስልተው በ2006 ያቀረቡት ሐሳብ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ዛፎቹ እዚያ ሊኖሩ የቻሉት በቁመታቸው ጉም ስለሚይዙ ነው። ዝናቡ ብቻውን ለዛፍ አይበቃም። ግመልና ከብት ቅርንጫፉን ጨርሶ ዛፉ ሲጠፋ፣ በቦታው የሚበቅለው አጭር ሣር ያንን ያህል ጉም አይይዝም፤ አዲስ ችግኝ የሚያድግበት ውሃም አይኖርም። ደኑ አንዴ ከሄደ ራሱን መልሶ ላይተክል ይችላል።

እዚህ ላይ ሌላውን ጫፍ ማረም ያስፈልጋል። «ዛፍ ጉምን ይጠራል» የሚባለው ትክክል አይደለም። የዶፋር ጉም የሚወለደው በዓረብ ባሕር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነው፤ የካሊፎርኒያው በፓሲፊክ ላይ። ዛፍ የመጣውን ይይዛል እንጂ ያልመጣውን አያመጣም። ጉም በማያልፍበት ኮረብታ ላይ ለጉም ተብሎ የተተከለ ደን ውሃ ጠጪ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«የጉም ውሃ የጠራ ነው»

ንጹሕ የሚመስለው ይህ ውሃ በአየሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። በዚያው በጀርመኑ ጥናት በጉሙ ውስጥ የሟሟው ጨውና አሲድ መጠን ከዝናቡ ከ6 እስከ 18 እጥፍ ነበር፤ ውሃው ዘጠኝ በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ወደ ደኑ የገባው የሟሟ ነገር ከዝናቡ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። በኒው ሃምፕሸር ከፍተኛ ቦታ ባለ ደን ላይ ጌሪ ሎቬትና ባልደረቦቹ በ1982 እንዳቀረቡት ደግሞ ከደመና የሚመጣው ውሃ ከዝናቡ 46 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የሟሟው ነገር ግን ከዝናቡ ከ150 እስከ 430 በመቶ ደርሷል። ፋብሪካና ተሽከርካሪ በሌለበት ደጋ ውሃው በአንጻሩ ደኅና ነው፤ በኢንዱስትሪ አካባቢ ግን ዛፉ ውሃ ሲያጠምድ መርዙንም ያጠምዳል።

«ሞዴል ካሰላው መለካት አያስፈልግም»

ጉምን በየጫካው መለካት ስለማይቻል ስሌት ግድ ነው። መሠረቱም ቀላል ነው፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ውሃ፣ ወደ ደኑ በሚገባበት ፍጥነት ይባዛል። 0.2 ግራም በሜትር ኩብ ያለው ጉም በሰከንድ 5 ሳንቲሜትር ቢገባ፣ ለአንድ ሜትር ካሬ መሬት በሰዓት 36 ግራም ይሆናል፤ በ10 ሰዓት ሌሊት 0.36 ሚሊሜትር። ለአንድ ሌሊት ከቁጥር የሚገባ አይመስልም፤ መቶ ሌሊት ሲሆን 36 ሚሊሜትር ነው። የመግቢያው ፍጥነት ከነፋሱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ነፋሱም የጉሙ ውሃም እጥፍ ቢሆኑ ውጤቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ችግሩ ያ «የመግቢያ ፍጥነት» ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ሎቬት በ1984 ደኑን ከላይ እስከ ታች በንብርብር ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ንብርብር ነፋሱ ስንት እንደሆነ፣ ቅጠሉ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ያህል ጠብታ እንደሚጋጭና እንደሚተን አሰላ። ዛሬ ያሉት ሞዴሎች ብዙዎቹ የዚህ ልጆች ናቸው። ጃፓናዊው ጌንኪ ካታታ ደግሞ ፍጥነቱን ከነፋሱ፣ ከቅጠሉ ስፋትና ከዛፉ ቁመት ጋር የሚያያይዝ አጭር ቀመር አውጥቶ ከአየር ትንበያ ሞዴል ጋር አገናኘው፤ በ2014ም መስኩን የሚገመግም ሰፊ ጽሑፍ አሳትሟል።

እነዚህ ሥራዎች ትልቅ ናቸው። ሆኖም አብዛኞቹ ስሌቶች ደኑን ወጥና ለጥ ያለ አድርገው ይወስዳሉ፤ ጉምን አብዝቶ የሚይዘው ግን ገደል ዳር፣ ጋራ አናት፣ የደን ጠርዝ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ልሳነ ምድር በ1951 በጋ ኦበርላንደር የተባለ ተመራማሪ ከዛፎች ሥር ሲለካ፣ ለነፋስ በተጋለጠ አንድ አነስተኛ ዛፍ ሥር ከአንድ ወር በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ 1,490 ሚሊሜትር ያህል አገኘ፤ በሌሎች ዛፎች በተከለለው ሥር ግን 46 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ። አንድ አካባቢ፣ አንድ ወቅት፣ አንድ ጉም። እንዲህ ያለውን ልዩነት ያላየ ሞዴል አማካዩን ይነግረናል እንጂ የትኛውን ዛፍ መንካት እንደሌለብን አይነግረንም።

በእኛስ ደጋ?

ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ወደ ዶሎ መና የወረደ መንገደኛ መልሱን በዓይኑ አይቷል። ሜዳው ገላጣ ሆኖ ቆይቶ፣ ቁልቁለቱ ሲጀመር አስታው ይመጣል፣ ቀጥሎ የሐረና ደን፤ ግንዱ በሽበትና በአረንጓዴ ሽፋን ተውጦ፣ ጉሙ ከታች እየወጣ በመሐሉ ሲያልፍ። ይህ ደን ጉም እንደሚይዝ አያጠራጥርም። በየጣቢያው የምናነበው የዝናብ መዝገብ ግን ሜዳ ላይ የቆመ፣ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ መለኪያ የሰጠው ነው፤ ከአስታው ጫፍ የወረደችውን ጠብታ አልቆጠረም። አስታው ደግሞ ለግጦሽ ሲባል በየጊዜው ይቃጠላል።

ስለዚህ ለተመራማሪዎቻችን፣ ለውሃና ለደን መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በሐረና፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጋሞና በከፋ ደጋዎች ከውጭ ካለው የዝናብ መለኪያ ጎን አንድ መደበኛ መረብና የነፋስ መለኪያ ይቁም፤ ከዛፎቹ ሥር፣ ከጠርዙም ከመሐሉም፣ አሸንዳዎች ይዘርጉ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ በጋውም ክረምቱም ይነበብ። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ ተራራ የሚወጣ ትጉህ ሰው ነው። ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ በጉም መንገድ ላይ የቆመ የጋራ አናት ደን «ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥም» ተብሎ አይመንጠር።